ግማሽ ምርቃትና የሚካኤል ጥንስስ

በመሄጃዬ ዋዜማ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ሊሸኘኝ ተነሥቶ ከቆመ በኋላ አባቴ ምርቃቱን ጀመሩና መሀል ላይ ቀጥ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ አይቼ አላውቅም። አባቴ ቄስ ሞላ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ መመረቅ ከጀመሩ የቋሚው እግር ይዝላል እንጂ የእሳቸው አፍ አይደክምም። ያን ምሽት ግን እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ "መንገድሽን ያቅናው፣ የባዕድ ፊት ያብራልሽ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ከሄድሽበት..." አሉና ዝም። እናቴ ለሚቀጥለው "አሜን" አፏን እንደከፈተች ቀረች።

"ትርንጎ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ" አሉኝ እጃቸውን አንሥተው። "ሥራሽ ባልተወለደ ሕፃን አንጎል ላይ ነው ብለሽኛል።"

"አዎ አባ። አንጎል ገና ሲበጅ የሚነሣባቸው ሕዋሶች አሉ፤ ግንደ ሕዋስ ይባላሉ። እነሱን ከሌላው ለይቶ ማውጣትና ማጥናት ነው።"

"እሱስ ይሁን። ማን ሰጠ?"

ስለ ሥራው ያላነበብኩት ነገር አልነበረም፤ ማን እንደሰጠ ግን ጠይቄ አላውቅም።

"እናትየዋ ወዳ ነው የሰጠች? ነው ወይስ ተወስዶባት? የሰጠችውስ በክብር ይያዛል?"

"አላውቅም አባ።"

"እሽ። እንግዲያው ግማሹን ይዘሽ ሂጅ። ግማሹን መልሱን ስትነግሪኝ እጨምርልሻለሁ። እኔ ለመቅደስ የሚመጣ መባ እንኳ በፈቃድ ካልሆነ አልቀበልም፤ ይኼ ደግሞ የሰው ገላ ነው።"

እናቴ በሹክሹክታ፣ "አንቱ፣ ልጅቱ አውሮፕላን ልትሳፈር ነው፤ ምርቃት በግማሽ ይዛ ትውጣ?" ብትላቸው፣ "አውሮፕላኑ ሙሉ ነዋ" ብለው ተቀመጡ። የአባቴ ነገር እንዲህ ነው። ቁጣ የለ፣ ጩኸት የለ፤ ጥያቄያቸውን ጭናችሁ ላይ አስቀምጠውላችሁ ዘወር ይላሉ።

እኔ እስከዚያ ድረስ ፍኖተ ሰላም የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። ደም፣ ሽንትና ሰገራ ስመረምር ኖሬ ነው ለዶክትሬት ትምህርት ስዊድን ዕድል ያገኘሁት። የሥራ ባልደረባዬ "ከሰገራ ወደ አንጎል! ዕድገት ማለት እንዲህ ነው" ብላ አቅፋ ሸኘችኝ። በጸጥታው ችግር ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተበት ሳምንት፣ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ሮጥኩ። ሻንጣዬን ያዘጋጀችው እናቴ ናት፤ መጽሐፎቼን አውጥታ ጌሾ፣ ብቅልና የቡሬ በርበሬ ሞላችበት። "መጽሐፍ እዚያም አለ፤ ጌሾ ግን ከየት ታመጫለሽ? ሚካኤል ያለ ጠላ ሊታሰብ ነው?" አለችኝ።

የስዊድን ጉምሩክ ሻንጣውን ሲከፍተው የበርበሬው ሽታ አገሩን ሞላው። መርማሪው ውሻ አንድ ጊዜ አሸተተና አስነጠሰው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሻንጣዬ አልቀርብም አለ።

"ይህ ቅጠል ምንድን ነው?" አለኝ ሠራተኛው፣ ጌሾውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

"ጌሾ።"

"ይጨሳል?"

"አይጨስም።"

"ይበላል?"

"ኧረ ይመራል!"

"ታዲያ ምን ይሠራል?"

"ጠላ። የቤት ቢራ ማለት ነው።"

"ለሽያጭ ነው?"

"አይደለም፤ የሚካኤል ነው።"

"ሚካኤል አብሮሽ ነው የሚጓዘው?"

እንግዲህ እናቴ በር ላይ "ሚካኤል ይከተልሽ" ብላኛለች፤ አልዋሽ። "አዎ" አልኩት። ሰውዬው ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ አሻግሮ አየ። ጌሾውን አየ። ማስነጠሱን ያላቆመውን ውሻውን አየ። "ሂጂ" አለኝ።

የምኖርባት ከተማ በአገሩ ደቡብ ያለች፣ ብስክሌት የሞላባት ትንሽ ከተማ ናት። ቅዝቃዜውን አትጠይቁኝ፤ የእኛን የሐምሌ ብርድ በናፍቆት የሚያስጠራ ነው። ከቅዝቃዜው የባሰብኝ ግን ሰላምታው ነው። ቡሬ ላይ አንድ ሰው ስታገኙ ራሱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ጠይቃችሁ እስክትጨርሱ የመጣችሁበትን ትረሳላችሁ። እዚህ "ሄይ" ነው። በቃ፣ "ሄይ" ብለው ያልፋሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ የተቀየመኝ መስሎኝ ምን አድርጌ ይሆን እያልኩ አውጠነጥን ነበር።

ያከራዩኝ ጉኒላ የሚባሉ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ለእኔ ሴትዮዋ "እርስዎ" ናቸው፤ በቋንቋቸው ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም "አንተ" "አንቺ" ነው፤ አፌ እሺ እስኪለኝ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ። ደንባቸው ብዙ ነው። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን፣ "ትቬትስቱጋ" ይሉታል፣ ቀን ሳያስይዙ መጠቀም ከወንጀል የሚቆጠር ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ማታ የውኃ ድምፅ መሰማት የለበትም። ሁሉንም እሺ አልኩ፤ ጣጣ የመጣው ኋላ በጠላው ነው፤ እደርስበታለሁ።

ሥራውን ልንገራችሁ፤ እናንተም እንደ አባቴ መጠየቃችሁ አይቀርም። ከፅንሱ አንጎል የተወሰደው ናሙና የሚመጣልን በበረዶ ላይ በተቀመጠች ጠርሙስ ነው፤ መጠኑ ከሽንብራ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። መጀመሪያ በመድኃኒት ይለሰልሳል፤ ከዚያ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ወደ ላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይመላለሳል። ከቸኮላችሁ ሕዋሶቹ ይፈነዳሉ። ሲበታተኑ፣ ግንደ ሕዋሱን ብቻ መርጦ የሚጣበቅ ቀለም ይጨመርባቸዋል፤ በመጨረሻ አንድ ማሽን በብርሃን እያየ አንድ በአንድ ይለያቸዋል። ከዚያ ሁሉ የምንፈልጋቸው ጥቂት ናቸው። እነሱን ምግባቸውን ሰጥቶ እንደ ሰውነት በሚሞቅ ሳጥን፣ በኢንኩቤተር፣ ማሳደግ ነው።

ደግሞ የሚያደርጉት! አንዱ ለሁለት ሲከፈል አንደኛው እንደነበረው ግንደ ሕዋስ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው ሄዶ የነርቭ ሕዋስ ይሆናል። እናቴ ከሊጡ ላይ ለነገ እርሾ እንደምታስቀር ማለት ነው። እዚያው አንጎል ውስጥ ሳሉ ሰውነታቸው ከውስጠኛው ግድግዳ እስከ ውጭው ጫፍ ይዘረጋል፤ አዲስ የተወለዱት የነርቭ ሕዋሶች ያንን ይዘው፣ የዱባ ሐረግ አጥር ይዞ እንደሚወጣ፣ እየወጡ ቦታቸውን ይይዛሉ። የአንጎል እድገት የሚሰናከልበትን ምክንያት የምንፈልገው እዚህ ላይ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ፣ አባቴም እንዲህ ነበሩ፣ ያ ውሻው ያስነጠሰው የጉምሩክ ሰውዬም እንዲህ ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ደስ አለኝ፤ ሌላ ምን ልበላችሁ።

የአባቴ ጥያቄ ግን ጭኔ ላይ እንደተቀመጠ ነው። "ፊካ" የሚሉት የሻይ ሰዓት አላቸው፤ ሥራ ሁሉ ቆሞ ኬክ ይበላል፤ ረቡዕም ዓርብም ቅቤ ያለበት ነው፣ እኔ ባዶ ሻይ እጠጣለሁ። በአንዱ ፊካ ላይ አለቃዬን ፕሮፌሰር አኒካን ደፍሬ ጠየቅኋት። (አንቱ ብላት ትቀየማለች።)

"አባቴ ማን ሰጠ ብለው ጠይቀውኛል። ሳልመልስ ምርቃቴን አይጨርሱልኝም።"

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ኩባያዋን አስቀመጠች።

"ከእናቶቹ ፅንሱ የጨነገፈባቸው አሉ፤ ራሳቸው ወስነው ያቋረጡም አሉ" አለችኝ። "ያ ካለቀ በኋላ እኛን የማታውቅ አዋላጅ ነርስ ትጠይቃቸዋለች። እንቢ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እንቢ በማለታቸው ሕክምናቸው አይጓደልም። ክፍያ የለም። እሺ ያለችው ፈርማ ነው። ስሟ ግን እኛ ዘንድ አይደርስም።"

"የሚተርፈውስ?"

"ነገ ጫማሽን ጠበቅ አድርገሽ ነይ" አለችኝ።

በማግስቱ ወደ መካነ መቃብሩ ወሰደችኝ። አንድ ጥግ ላይ "ሚኔስሉንድ" የሚሉት የዛፍ ጥላ አለ፤ የሚተርፈው ይቃጠልና አመዱ እዚያ ያርፋል። የስም ድንጋይ የለበትም። አበባና የሚነዱ ሻማዎች ብቻ። ትልልቅ ዛፎች ከበውት ሳይ የአባቴ ደብር ትዝ አለኝ፤ እዚያም ሙታኖቻችን ከጽድና ከወይራ ሥር ናቸው። አኒካ አጠገቤ ቆመች። ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ቀለል አለኝ፤ መልሱን አግኝቻለሁ።

ለአባቴ ልንገር ብል ግን የዚያን ሰሞን የአገር ቤት ስልክ ድምጥማጡ ጠፍቷል። ጧት እሞክራለሁ፣ ማታ እሞክራለሁ፤ ስልኩ ውስጥ የተቀዳችው ሴትዮ "ሊያገኟቸው አይችሉም" ትለኛለች። መልሴን ታቅፌ ቁጭ።

በዚህ መሀል ነው የማኅበሩ ተራ የደረሰኝ። በከተማዋ ያለን አበሾች በየወሩ የሚካኤል ጽዋ እንጠጣለን፤ የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው፣ የመራዊ ሰው ናቸው፣ የከተማ አውቶቡስ ይነዳሉ። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ ከሱቅ በተገዛ ጭማቂ ነበር ጽዋውን የሚያወጣው። እኔ የጎጃም ልጅ፣ ያውም የቄስ ልጅ፣ ጌሾ ሻንጣዬ ውስጥ እያለ ጭማቂ ላቅርብ? ያሳፍራል። ባልዲ ገዝቼ ጠነሰስኩ። ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ የሚሞቀው መታጠቢያ ክፍሉ ብቻ ስለሆነ ባልዲውን እዚያ አኖርኩት። ከዱቄት ያበሰልኩትን እንኩሮ በእጄ አሽቼ ጨመርኩ። ከባልዲው በላይ ደግሞ የታጠበ የሱፍ ሹራቤ ተሰቅሏል። አደራ፣ ይህችን ሹራብ አትርሱብኝ።

ጉኒላ በሦስተኛው ቀን አንኳኩ።

"እዚህ ቤት የሞተ እንስሳ አለ?"

"የለም፤ ጌሾ ነው። ለበዓል ነው።"

"ግድግዳው ውስጥ ይገባል! ልጅት፣ ሽታ እኮ ቤት ያበላሻል።"

የሳቸው ነገር የሚገርመው፣ በነሐሴ ከሰሜኑ አገራቸው የመጣ፣ ሲከፈት ጎረቤት መስኮት የሚዘጋበት "ሱርስትሮሚንግ" የተባለ የተብላላ ዓሣ ግቢው ውስጥ ሲበሉ እኔ አፍንጫዬን ይዤ "ይጣፍጣል" ብያለሁ።

"የነሐሴው ዓሣስ?" አልኳቸው።

"እሱ ባህል ነው።"

"ይኼም ባህል ነው።"

"የእኛ ግን ውጭ ነው የሚከፈተው" አሉ። ጠላው ሲደርስ አንድ ብርጭቆ ወሰድኩላቸው። ቀመሱት፣ ፊታቸውን አኮሳተሩ፣ ደግመው ቀመሱት። "እና መቼ ነው ሚካኤል ደግሞ የሚመጣው?" አሉኝ።

ማኅበሩ በጣም ደመቀ። ሙሴያችን ጽዋውን አንሥተው አንድ ጊዜ እንደተጎነጩ አገራቸውን አስታወሱና ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም ኮራሁ። ሰኞ ጧት ሹራቤን ለብሼ፣ በኩራቴ ላይ ጋውን ደርቤ፣ ሕዋሶቼን ልመግብ ላቦራቶሪ ገባሁ።

ሐሙስ ዕለት ኢንኩቤተሩን ስከፍት ጠርሙሶቹ ሁሉ ደፍርሰዋል። ሮዝ የነበረው ምግባቸው ቢጫ ሆኗል። የአንዱን ክዳን ከፈት ሳደርግ... ወገኖቼ፣ ምን ሸተተኝ መሰላችሁ? ቤታችን። የእናቴ ጓዳ፣ ጥንስስ የተጣለ ሰሞን። አንድ አፍታ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ የመጣብኝ ጣጣ ገባኝ። ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኋቸው፤ ሞላላ፣ ክብ፣ አንዱ ከሌላው ጎን እያቆጠቆጠ የተቀጣጠለ እርሾ ነው። ግንደ ሕዋሶቼን ውጦ ጨርሷቸዋል። ምግቡ ውስጥ ባክቴሪያ የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ እርሾን ግን አይነካውም።

አኒካ ሁላችንንም ሰበሰበች። "እርሾ ነው። ቤቱ ቢራ የጠመቀ ማን ነው?" አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው ዩሃንን ነው፤ ቤቱ ቢራ በመጥመቅ የታወቀ የላቦራቶሪ ባልደረባችን ነው።

"ከገና ወዲህ አልጠመቅሁም! በእናቴ!" አለ ምስኪን።

"ተውት" አልኩ። "የሚካኤል ነው።"

ከጉምሩኩ ሰው ቀጥሎ አገር ሁሉ ሚካኤል የሚባለውን ሰው ይፈልግ ጀመር። አስረዳኋቸው፤ ባልዲውንም፣ ሹራቡንም፣ ሙሴውንም። ዩሃን ነፃ በመውጣቱ ደስታ አቀፈኝና ወዲያው ሹራቤን አስታውሶ ወደኋላ ዘለለ። አኒካም ሳቀች፤ ግን ከሳቋ በኋላ፣ "እንዲህ ያለ ናሙና ደግሞ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም" አለች። በዚያው ቀን የላቦራቶሪው በር ላይ ዩሃን ማስታወቂያ ለጠፈ፦ "ቢራ የጠመቀ፣ ዳቦ ያቦካ፣ ሚካኤልን ያከበረ ልብስ ሳይቀይር አይገባም።"

ሳቁ ሳቅ ነው፤ እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ያሰብኩት አባቴን ነው። ወዳ ነው የሰጠች? አዎ። በክብር ይያዛል? በምን አፌ አዎ ልበል? አንዲት የማላውቃት ሴት በክፉ ቀኗ የሰጠችውን እኔ በጠላ አበላሽቼዋለሁ። ምርቃቱ ግማሽ ሆኖ ሊቀር ነው ብዬ ከልቤ አዘንኩ።

አንዲት ተስፋ ነበረችኝ። ናሙናው የመጣ ዕለት አኒካ "ጥቂት ስለሆነ ሁሉንም እንጠቀምበት" ብትልም፣ እኔ ለዘር ሳይቀመጥ እህል ሲበላ አይቼ ስለማላውቅ አንዲት ቲዩብ ቀንሼ እንዳስቀምጥ ለምኛት ነበር። "ከቅዝቃዜው አትተርፍም፤ ግን ደስ ካለሽ አስቀምጪ" ብላኝ፣ ሕዋስ በቅዝቃዜ ከሚቀመጥበት፣ ጭስ የመሰለ ነገር ከሚተነው የናይትሮጂን በርሜል ውስጥ አኑሬያታለሁ። አወጣኋት፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ቶሎ አቀለጥኳት፤ ልብሴን ሁሉ ቀይሬ፣ ፀጉሬን ሸፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠርሙስ ውስጥ አሳደርኳት። አብዛኞቹ ሞተዋል። የቀሩትን በየቀኑ እያየሁ፣ እሑድም ሳይቀር እየመገብኩ ከረምኩ። አንድ ጧት ሳይ፣ አንዲት ድቡልቡል፣ ከሕዋሶች የተሠራች ትንሽ ኳስ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ትንሳፈፋለች። ተከፋፍለዋል! ዩሃንን ጠራሁት፣ አኒካን ጠራኋት፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር ጠርቼ አሳየሁ።

ስልኬ የጮኸው ያን ዕለት ነው። ውጭ ግቢው ውስጥ ቆሜ አነሣሁት።

"ትርንጎ? አለሽ ልጀ?"

"አባ! እንደምን ሰነበቱ? እማዬ ደኅና ናት? ከብቱስ? አዝመራው እንዴት ነው?"

"ሁሉም ደኅና፣ እግዜር ይመስገን። መስመሩ ሳይጠፋብን ንገሪኝ እስቲ፤ ማን ሰጠ?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ራሳቸው ወስነው ያቋረጡም እንዳሉ ሳልደብቅ ተናገርኩ። መስመሩ የጠፋ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"ያሳዝናል" አሉ ኋላ። "እሱን እኔና አንች አንመዝነውም፤ መዛኝ አለው። እኔ የጠየቅሁሽ ወዳ ሰጠች ወይ ነው።"

"ወዳ ነው አባ።"

"ስሟ ማን ይባላል? በጸሎት እንዳስባት።"

"ስሟን አናውቅም።"

"የክርስትና ስሟንስ?"

"አባ፣ የስዊድን ሴት ናት እኮ!"

"እሽ፣ ስሟን የሚያውቅ ያውቀዋል። የሰጠችውንስ አከበራችሁት?"

ይኸው መጣ። ዓይኔን ጨፍኜ የባልዲውን፣ የሹራቡን፣ የእርሾውን ነገር አወረድኩት። ከዚያ አንድ የታፈነ ነገር ሰማሁ፤ አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። እንዲያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

"ምን አደረገች? ምን ሆነች?" ትላለች እናቴ ከበስተጀርባ።

"ያንች ጌሾ ነው ጉድ የሠራት! ፕሮፌሰሮቹን ሁሉ አሰከረ!"

"ጠላው ግን ወጣላት?"

የቀረችውን ቲዩብና የጧቷን ድቡልቡል ስነግራቸው ሳቃቸውን አቆሙ። "ለዘር አስቀምጠሽ ነበር?" አሉኝ በለሆሳስ።

"አስቀምጬ ነበር።"

"አከበርሽው እንግዲህ። መልሱ ደርሶኛል። ምርቃቱም ዝግጁ ነው፤ ብቻ ምርቃት በስልክ አይሆንም፣ እጅ የሚጫንበት ራስ ያስፈልጋል። ራስሽን ይዘሽ ነይ።"

መቼ እንደምሄድ አላውቅም። ትምህርቱ ገና ነው፤ መንገዱም አንድ ጊዜ ይከፈታል፣ አንድ ጊዜ ይዘጋል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን አናቴ ላይ አስቀመጥኩት፤ እንዳይወድቅ በሁለት እጄ ደግፌ አጎነበስኩ።

"ራሴ ላይ ነዎት አባ። ይቀጥሉ።"

ዩሃን ብስክሌቱን እየገፋ መጣ፤ ስልክ ተሸክሜ ሲያየኝ ቆመ። ይህም የሚካኤል ይሆናል ብሎ ይመስለኛል፣ የራስ ቁሩን አወለቀ።

ከላይ አባቴ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። የት ላይ እንዳቆሙ አልረሱም።

"ከሄድሽበት..." አሉ፣ "ከሄድሽበት በሰላም መል..."

የቀረውን ኔትወርኩ በላው። ጸጥ። እኔ አንገቴን እንደደፋሁ፣ ዩሃን የራስ ቁሩን እንደያዘ ጠበቅን። ከዚያ መስመሩ አንዴ ተንኮሻኮሸና፣ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ እናቴ አፍ ውስጥ የቆየው "አሜን" ጥርት ብሎ ደረሰኝ።